የአንዱ ስንት ነው?

  

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎችና የስልክ መልእክቶች አብዛኞቹ ስለ ጾምና ስለ ንስሐ፣ ስለ አሠሪ ጠባይና ስለ ቤተሰብ ናፍቆት የሚጠይቁ ናቸው። በዚህ ወር ግን አንዲት እኅታችን ስለ ሒሳብ ጻፈችልኝ። መጀመሪያ ገረመኝ፤ አንብቤ ስጨርስ ግን ጉዳዩ የእርሷ ብቻ አለመሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ ለእርሷ የምመልሰውን ሁላችሁም ትሰሙት ዘንድ እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ። ስሟንና ያለችበትን ከተማ ትቼዋለሁ።

ይህች እኅት ከሀገሯ ስትወጣ ሴት ልጇ የ6 ዓመት ሕፃን ነበረች። አሁን ልጅቷ 13 ዓመት ሞልቷት 7ኛ ክፍል ገብታለች፤ የምትኖረውም ከአያቷ ጋር ነው። እናት ማታ ማታ የመጨረሻውን ዕቃ አጥባ ስታበቃ ወደ ክፍሏ ገብታ ትደውላለች። አንድ ቀን ልጅቷ፣ «እማዬ፣ ይቺን የቤት ሥራ አስረጅኝ፤ ተሳስተሻል ተባልኩ፣ ምኑ ላይ እንደ ተሳሳትኩ ግን አልገባኝም» ብላ የደብተሯን ፎቶ ላከችላት። እናት ትምህርቷን ያቆመችው ከ4ኛ ክፍል ነው። ፎቶውን አየችው፤ ቁጥሮቹንም አየቻቸው። ከዚያም «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ አይሰማኝም» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ኔትወርኩ ግን ደኅና ነበር።

«አባቴ፣ ልጄን ዋሸኋት» ትላለች በደብዳቤዋ። «ዩኒፎርሟን እገዛለሁ፤ የትምህርት ቤቱን እከፍላለሁ። ማስረዳት ግን አልቻልኩም። እርሷ እያወቀች ስትሄድ እኔ ገንዘብ ላኪ ብቻ ሆኜ እንዳልቀር ፈራሁ። ይህ ነገር በእኔ ዕድሜ ይለመዳል ወይ?»

ልጄ፣ መልሴ አጭር ነው። ይለመዳል፤ እንዲያውም አብዛኛውን ታውቂዋለሽ። የማታውቂው ስሙን ብቻ ነው። በመማሪያ መጽሐፉ «ንጥጥር» እና «ወደር» ይባላል፤ በእንግሊዝኛ የሚማሩት ደግሞ ሬሾና ፕሮፖርሽን ይሉታል። ስሙ አያስፈራሽ። እስቲ ከፎቶው እንጀምር።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ 3 ኩባያ የብርቱካን ጭማቂ ከ5 ኩባያ ውሃ ጋር ይደባለቃል። ጣዕሙ ሳይለወጥ 9 ኩባያ ጭማቂ ከስንት ኩባያ ውሃ ጋር ይደባለቅ? ልጅሽ «11» ብላ መልሳለች፤ መምህሩም በቀይ ሰርዞታል።

ልጅሽ ያሰበችው ይህን ነው፦ ከ3 ተነሥቶ 9 ለመድረስ 6 ይጨመራል፤ እንግዲያው በ5ም ላይ 6 ልጨምር፤ 11 ይሆናል። ይህ የሰነፍ ስሕተት አይደለም፤ አስባ የተሳሳተችው ስሕተት ነው። በየሀገሩ ያሉ ተማሪዎች ይህን ትምህርት ሲጀምሩ አብዝተው የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው፤ የሒሳብ መምህራንም ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ ልጅሽን «እንዴት ይህ ይጠፋሻል?» ብለሽ እንዳትቆጫት።

አሁን ደብተሩን ለጥቂት ጊዜ ዘግተን ወደ አንቺ ወጥ ቤት እንግባ።

ለ4 ኩባያ ሩዝ 6 ኩባያ ውሃ ታደርጊያለሽ እንበል። አንድ ቀን ማዳም «ዛሬ እንግዳ ብዙ ነው፣ 12 ኩባያ ሩዝ ቀቅዪ» ትልሻለች። ስንት ኩባያ ውሃ ትጨምሪያለሽ? እንደ ልጅሽ አሳብ ብትሄጂ፣ ከ4 ወደ 12 ለመድረስ 8 ተጨምሯልና በ6ቱም ላይ 8 ጨምረሽ 14 ኩባያ ውሃ ታደርጊ ነበር። እጅሽ ግን ይህን አይሠራም። ውሃው እንደሚያንስ፣ ሩዙ እንደሚደርቅና ከሥር እንደሚያር ታውቂያለሽ። አንቺ የምትይው «ሩዙ ሦስት እጥፍ ሆኗል፤ ውሃውም ሦስት እጥፍ ይሁን» ነው፤ 6 በ3 ሲባዛ 18 ኩባያ። ማንም ሳያስተምርሽ ወደር ሠርተሻል ማለት ነው።

ይህንኑ በሌላ መንገድ ልታገኚው ትችያለሽ። «ለአንድ ኩባያ ሩዝ ስንት ኩባያ ውሃ ይበቃል?» ብለሽ ጠይቂ። 6 ለ4 ሲካፈል አንድ ተኩል ነው። የአንዱን ካወቅሽ የቀረው ማባዛት ብቻ ነው፦

ለ1 ኩባያ ሩዝ 1.5 ኩባያ ውሃ፤
ለ2 ኩባያ ሩዝ 3 ኩባያ ውሃ፤
ለ4 ኩባያ ሩዝ 6 ኩባያ ውሃ፤
ለ8 ኩባያ ሩዝ 12 ኩባያ ውሃ፤
ለ12 ኩባያ ሩዝ 18 ኩባያ ውሃ።

ከላይ እስከ ታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ይለዋወጣሉ። በየመስመሩ ውሃውን ለሩዙ ብታካፍዪው ግን ሁልጊዜ የሚመጣው ያው 1.5 ነው። የማይለወጠው እርሱ ነው፤ የትምህርቱም ልብ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው ሲያድጉ በመካከላቸው አንድ የማይናወጥ ቁጥር ካለ ወደረኞች ናቸው ይባላል። በተሳሳተው መንገድ የመጣውን 14 ለ12 ብታካፍዪው ግን 1.17 ገደማ ይሆናል፤ የአንዱ ድርሻ ስለ ተለወጠ ሩዙም ይለወጣል።

አሁን ወደ ልጅሽ ደብተር እንመለስ። ጭማቂው ከ3 ወደ 9 ሲያድግ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ውሃውም ሦስት እጥፍ ይሁን፤ 5 በ3 ሲባዛ 15። መልሱ 15 ኩባያ ነው። በ11 ብትበጠብጠው ኖሮ መጠጡ ከመጀመሪያው ይልቅ ይወፍርና ይጣፍጥ ነበር። «ጣዕሙ ሳይለወጥ» የሚለው ቃል በጥያቄው ውስጥ የገባው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ስለ ራሴ ጥቂት ልንገርሽ። እኔም በአስኳላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ያደግሁ ሰው አይደለሁም። ልጅነቴ ያለፈው በቆሎ ትምህርት ቤት ነው፤ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ ይዤ፣ ቁራሽ እየለመንኩ። የመጨረሻዋ ልጄ 7ኛ ክፍል ሆና ይህንኑ ምዕራፍ ይዛ የመጣች ዕለት እኔም እንደ አንቺ ማምለጫ ፈልጌ ነበር፤ «ለእናትሽ አሳዪ» ብዬ ልሸኛት ቃጥቶኝ ነበር። ኋላ ግን መጽሐፉን ሳየው ድሮ ከየኔታ እግር ሥር የተማርኩት ነገር ሆኖ አገኘሁት፤ በባሕረ ሐሳብ።

በየዓመቱ መስከረም አንድ ቀን የዓመቱ አበቅቴና መጥቅዕ ሲታወጅ ትሰማላችሁ። ስሌቱ እንዲህ ነው። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ይካፈልና ከትራፊው አንድ ተቀንሶ ወንበር ይገኛል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ አበቅቴ፣ በ19 ሲባዛ ደግሞ መጥቅዕ ይወጣል፤ ከ30 ሲያልፍ 30 እየተገደፈ ትራፊው ይያዛል። በ2018 ዓ.ም. ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ 30 አራት ጊዜ ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አበቅቴው 12 ማለት ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ 30 ሰባት ጊዜ ሲገደፍ 18 ይተርፋል፤ መጥቅዑ 18 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ።

11 ከየት መጣ ብትዪ፣ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ ነው፤ በየዓመቱ 11 ቀን ይተርፋል። የ1 ዓመት ትርፍ 11፣ የ2 ዓመት 22፣ የ3 ዓመት 33። 30 ከመገደፉ በፊት ያለው ይህ ከሩዙና ከውሃው ጋር አንድ ነው፤ የአንዱን ዓመት ካወቁ የሌሎቹ በማባዛት ይገኛል። እኔ ይህን በቃሌ ሳነበንብ ስኖር ልጄ ደግሞ በሠንጠረዥ ትማረዋለች፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ልጄን «ነይ፣ ቁጭ በዪ» አልኳት። አንቺም ከወጥ ቤትሽ ተነሥተሽ እንዲሁ ልትያት ትችያለሽ።

አንቺ ባለሽበት አካባቢም ይህ ትምህርት የቆየ ታሪክ አለው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው ሊቅ አል ኸዋሪዝሚ ስለ አልጀብራ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ለገበያ ሒሳብ አንድ ክፍል ሰጥቷል። በመሸጥና በመግዛት ጊዜ አራት ቁጥሮች እንዳሉ፣ ሦስቱ ሲታወቁ አራተኛው እንደሚገኝ ያስተምራል። ከልጅሽ ጥያቄ ጋር አስተያዪው፦ 3፣ 5 እና 9 ታውቀዋል፤ አራተኛው 15 ነው።

አሁን ደግሞ ልጅሽ እንድትጠነቀቅ የምትነግሪያት ነገር አለ። አብሮ የሚያድግ ሁሉ ወደረኛ አይደለም። ከራሳችሁ ምሳሌ ልስጥሽ። ከሀገር ስትወጪ አንቺ 24፣ እርሷ 6 ዓመቷ ነበረ እንበል፤ ዕድሜሽ የእርሷን አራት እጥፍ ነበር። አሁን እርሷ 13 ሆናለች። አራት እጥፍ ብለን ብናባዛ አንቺ 52 ዓመት ልትሆኚ ነው! እንደዚያ ግን አይደለም፤ 31 ነሽ። ሁለታችሁም በየዓመቱ አንድ አንድ ዓመት ስለምትጨምሩ፣ የማይለወጠው እጥፉ ሳይሆን በመካከላችሁ ያለው 18 ዓመት ነው። እዚህ ላይ መጨመር ትክክል ነው፤ ማባዛት ስሕተት ነው። በሩዙ ደግሞ ማባዛት ትክክል ነው፤ መጨመር ስሕተት ነው። ስለዚህ ከመሥራት በፊት «የማይለወጠው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ምሳሌ ገንዘብ መላኪያ ቤት ውስጥ አለ። ለአንድ ጊዜ መላኪያ ክፍያው 20 ሪያል ነው እንበል፤ 200ም ብትልኪ 600ም ብትልኪ ያው 20። የምትልኪው ሦስት እጥፍ ሲሆን ክፍያው ሦስት እጥፍ አልሆነም፤ ስለዚህ ወደረኛ አይደለም። ይህን ያወቀች እኅት ሦስት ጊዜ 200፣ 200 እየላከች 60 ሪያል ከመክፈል፣ የሚያስቸኩል ነገር ከሌለ አጠራቅማ 600ውን በአንድ ጊዜ ልካ 20 ብቻ ትከፍላለች። አርባው ሪያል ከላቧ የወጣ ነው፤ ለደብተር ይሆናል። ክፍያው እንደሚላከው መጠን የሚጨምርበት ቤትም ይኖራል፤ ስለዚህ አስቀድመሽ ጠይቂ።

አንዱ ሲያድግ ሌላው የሚቀንስበትም አለ፤ ይህም በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ይመጣል። ለዚህ አባቶቻችን የተውልን ተረት ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ያስረዳል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።» እስቲ እንቁጠረው። አንድ ሰው ቢሸከም 50 ሎሚ ይደርሰዋል፤ ሁለት ሰው ቢሸከሙ 25፣ 25፤ አምስት ቢሆኑ 10፣ 10፤ ሃምሳ ቢሆኑ አንድ፣ አንድ። እዚህ ላይ የማይለወጠው የሰዉና የሎሚው ብዜት ነው፤ 1 በ50፣ 2 በ25፣ 5 በ10፣ 50 በ1 ሁሉም 50 ናቸው። በሩዙ ላይ ስናካፍል ነበር ያው ቁጥር የሚመጣው፤ በሎሚው ላይ ግን ስናባዛ ነው። ልጅሽ ሁለቱን መለየት ካቃታት ይህን ተረት ንገሪያት፤ አያቷም ታውቀዋለችና ታግዛታለች።

ይህ እውቀት ለልጅሽ የቤት ሥራ ብቻ ሳይሆን ላንቺም ለራስሽ ያስፈልግሻል። ሦስት ቦታ ላይ ልጥቀስልሽ።

አንደኛው ሕፃን ለምትይዙ ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ ላይ ለስንት ሚሊ ሊትር ውሃ ስንት ማንኪያ እንደሚገባ ተጽፏል። በጣሳሽ ላይ ለ30 ሚሊ ሊትር አንድ ልክ ማንኪያ የሚል ከሆነ፣ ለ150 ሚሊ ሊትር 5 ማንኪያ ነው፤ 150 ለ30 ሲካፈል 5 ነውና። አንዳንዱ ጣሳ ለ60 ሚሊ ሊትር አንድ ማንኪያ ይላል፤ ስለዚህ የያዝሽውን ጣሳ አንብቢ፤ ማንኪያውም በጣሳው ውስጥ ያለው ይሁን። ወተቱ ሲቀጥን ሕፃኑ ምግብ ይጎድልበታል፤ ሲወፍርም ሆዱን ያደርቀዋል፣ ኩላሊቱንም ያስጨንቀዋል። «ዱቄቱ እንዳያልቅ አቅጥኚው» የምትል አሠሪ ብትገጥምሽ ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ በትሕትና አሳያት።

ሁለተኛው ደመወዝሽ ነው። በወር 1,200 ሪያል ተስማምተሽ ወሩ 30 ቀን ቢሆን፣ የአንዱ ቀን 40 ሪያል ነው። 12 ቀን የሠራሽበት ቀሪ ሒሳብ ካለ 12 በ40 ሲባዛ 480 ሪያል ይሆናል። ቤት ስትለውጪ ወይም ወሩ ሳይሞላ ወደ ሀገር ስትመለሺ ይህችን ቁጥር በእጅሽ ይዘሽ ተናገሪ። «ትንሽ ቀርቶኛል» የምትል ሴትና «የ12 ቀን 480 ሪያል ቀርቶኛል» የምትል ሴት እኩል አይሰሙም። የሠራሽባቸውን ቀኖችና የተቀበልሽውን ገንዘብ በትንሽ ደብተር ላይ ከነቀኑ መጻፍን ልማድ አድርጊው።

ሦስተኛው ምንዛሪ ነው። የሳዑዲ ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ዶላር 3.75 ሆኖ ጸንቷል፤ የኤምሬትስ ድርሃምም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 3.6725 ነው። ስለዚህ 375 ሪያል 100 ዶላር፣ 750 ሪያል 200 ዶላር ነው፤ የአንዱ ዋጋ ስለማይለወጥ በልብሽ ልታሰዪው ትችያለሽ። ሌላ ቦታ ግን የማይለወጥ የመሰለው ቁጥር ተለወጠ። በሊባኖስ ከ1997 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. አንድ ዶላር 1,507.5 ሊራ ነበር። በወር 300,000 ሊራ የምታገኝ እኅት 199 ዶላር ያህል ታገኝ ነበር ማለት ነው። ከዚያ የሀገሩ ኢኮኖሚ ወደቀ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በገበያ አንድ ዶላር ወደ 90,000 ሊራ ገደማ ደረሰ። ያው 300,000 ሊራ 3 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ሆነ። ወረቀቱ ላይ ያለው የደመወዝ ቁጥር አልተነካም ነበር፤ የተለወጠው የአንዱ ዋጋ ነው። ቤሩት የነበራችሁ እኅቶች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ የዓመታት ድካማችሁ በእጃችሁ ላይ ሲቀልጥ አይታችኋል። እንግዲህ ውል ስትዋዋሉ ስንት እንደሚከፈላችሁ ብቻ ሳይሆን በምን ገንዘብ እንደሚከፈላችሁም ጠይቁ።

የሀገራችንም ብር እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባለፈው ወር የላክሽበትን ቁጥር ይዘሽ ዘንድሮን አታስዪ፤ በየጊዜው «ዛሬ የአንዱ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

ልጄ፣ አሁን ወደ ስልኩ ልመልስሽ። ለልጅሽ መልሱን መንገር አይጠበቅብሽም፤ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃሻል። በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ አጠገብሽ አስቀምጪያቸው።

የመጀመሪያው፦ «አብረው የሚሄዱት ምንና ምን ናቸው?» ጭማቂና ውሃ፣ ደብተርና ብር፣ ቀንና ደመወዝ። ልጅሽ ሁለቱን ለይታ በቃሏ ትናገር።

ሁለተኛው፦ «አንዱ እጥፍ ቢሆን ሌላው ምን ይሆናል?» እርሱም እጥፍ ይሆናል ካለችሽ እንደ ሩዙ ነው። ግማሽ ይሆናል ካለች እንደ ሎሚው ነው። ሁለቱም ካልሆነ እንደ ዕድሜ ወይም እንደ መላኪያው ክፍያ ነው፤ በዚህ መንገድ አይሠራም።

ሦስተኛው፦ «የአንዱ ስንት ነው?» እንደ ሩዙ የሆነው ሁሉ በዚህ ይፈታል። ለምሳሌ 4 ደብተር 180 ብር ከተገዛ 7ቱ ስንት ነው ቢላት፣ የአንዱ 180 ለ4 ሲካፈል 45 ብር ነው፤ 7ቱ 45 በ7 ሲባዛ 315 ብር። ከዚያ «እስቲ ፈትሺው» በያት፤ 315 ለ7 ሲካፈል ተመልሶ 45 ከመጣ ትክክል ነው። እንደ ሎሚው የሆነው ሲመጣ ግን የአንዱን ሳይሆን ብዜቱን ታፈላልግ።

ጥያቄ ጠያቂ መሆን ቀላል ሥራ አይምሰልሽ። የኔታም ቢሆኑ እኛን ያስተማሩን አብዛኛውን ጊዜ መልስ በመስጠት አልነበረም። ተማሪው ሲሳሳት «እስቲ ድገመው» ይሉት ነበር፤ እየደጋገመ ራሱ ስሕተቱን ያገኘዋል። ልጅሽም ጮክ ብላ ስታስረዳሽ ስሕተቷን ራሷ ትሰማዋለች። አንቺ የሚጠበቅብሽ መስማትና አለመቸኮል ነው፤ ይህን ደግሞ ከሩቅም ሆኖ ማድረግ ይቻላል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊ። ስትደውዪላት በሒሳቡ አትጀምሪ። «ያን ዕለት ኔትወርኩ ደኅና ነበር። ያላወቅሁት እኔ ነኝ፤ አፍሬ ነው የዘጋሁት። አሁን ግን አብረን እንማረው» በያት። አትናቅሽም። አለማወቅን ደብቆ ከመኖር ይልቅ ሳያፍሩ መጠየቅን ከእናቷ ካየች፣ በክፍል ውስጥም እጇን አውጥታ ለመጠየቅ አትፈራም። ይህ ደግሞ ከአንድ የቤት ሥራ ይበልጣል። ገንዘብ ላኪ ብቻ ሆኜ እቀራለሁ ላልሽውም፣ ከሩዝሽ ድስት ተነሥተሽ የምታስረጂያት ነገር በምንም ምንዛሪ አይላክም።

ሌሎቻችሁም እኅቶቼ፣ በዚህ ሳምንት ቤተሰብ ስትደውሉ «ደኅና ነው ትምህርት?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ዛሬ በሒሳብ ምን ተማራችሁ? እስቲ አንዱን ንገሪኝ» በሉ። ልጅ የሌላችሁ ታናሽ እኅትና ወንድማችሁን፣ የእኅት ልጃችሁን ጠይቁ።

ለናንተም እንዳታመልጡኝ ሁለት ጥያቄ ልተውላችሁ። አንደኛ፦ 5 ኪሎ ሽንኩርት 15 ሪያል ከሆነ 8 ኪሎ ስንት ነው? ሁለተኛ፦ ሁለት እኅቶች አንድን ቤት አብረው በ6 ሰዓት አጽድተው ይጨርሳሉ፤ እኩል የምትሠራ ሦስተኛ ብትጨመር በስንት ሰዓት ይጨርሳሉ? አንዱ እንደ ሩዙ፣ አንዱ እንደ ሎሚው ነው፤ የቱ የቱ እንደሆነ መጀመሪያ ለዩ። መልሳችሁን ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ዕትም እንተያያለን። እስከዚያው ቸር ያሰንብተን።